የውሃው ምድር ቤት

ከአልጋዬ በላይ፣ አንድ ጣሪያ አልፎ፣
ዘጠኝ መቶ ሊትር ሊቀመጥ ነው አርፎ።
ራዶቫን ነገረኝ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ፣
ባንድ እጁ ሜትሩን፣ ባንዱ ቧንቧ ተሸክሞ፤
«አይዞሽ» አለኝ ደግሞ።
እያሳሳቀ ነው ውሃ ሰው የሚወስደው፤
«አይዞሽ» ማለቱ ነው እንቅልፌን ያሰደደው።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከከሰል ጉድጓድ ሥር፣
ፓምፕ ሲጠብቅ ኖሯል፣ ውሃ ሲያባርር።
ዛሬ ኦስትራቫ ጉድጓዶቿን ዘግታ
እሱ ለሁለት ዓሣ ይደክማል ጠዋት ማታ።
ኦስካር ይባላሉ፤ አፋቸው ሰፋፊ፣
የጎረሱትን ግማሽ በጉንጫቸው ተፊ፣
ውሃውን አደፍራሽ፣ ጠጠር ገላባጭ፣
ጌታቸው ሲመጣ እንደ ቡችላ ተቁለጭላጭ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ለትልቁም ገንዳ
ትንሹ ሊቆም ነው ከሥሩ፣ ሊከፍል የሱን ዕዳ።
የትኛው ትንሽ?
ሦስት ሳምንት ሙሉ ንድፍ ሲያበዛ
ጠፋ በወረቀት የወጥ ቤት ጠረጴዛ።

አንዱ ምርጫ ካልሲ፦ ቆሻሻ የሚያጠምድ፣
በሦስት ቀን አንዴ መታጠብ የሚወድ።
ቭላስታ ማንኪያዋን አስቀመጠች ቀስ ብላ፦
«ያንተን ካልሲ ሳጥብ አረጀሁ፤ ደግሞ ዛሬ ሌላ?
ዓሣም ካልሲ ለበሰ?»
ካልሲው በዚያው ማታ ከወረቀቱ ተደመሰሰ።

ሁለተኛው ማማ፦ ውሃው ተንጠባጥቦ
ከኳስ ወደ ኳስ፣ አየር ተመግቦ።
ደግ ነው፣ ያጠራል፤ ድምፁ ግን ዝናም፤
ዝናም ከራሴ ላይ፣ በበጋም፣ በጥርም?
እሱን እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት። ጣሪያዬን አላከራይም።

የቀረው ባለ ሦስት ክፍሉ ነው።
በመጀመሪያው ስፖንጅ፣ ሸካራው ቀድሞ፣ ለስላሳው ተከትሎ፤
የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሁለተኛው፣ እንደ ማር እንጀራ ተፈልፍሎ፣
ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎች ያሉበት።
«እነሱን» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይሰሙት፣
«በቧንቧ ውሃ ካጠብሻቸው ክሎሩ ይፈጃቸዋል፤
ከገንዳው ቀድተሽ እጠቢ፤ የለመዱት ያኖራቸዋል።»
ከዚያ ፓምፑ። ከፓምፑ አጠገብ ምንም።
«ይሄስ ሰፊው?» ብለው፣ «እሱ አይነካም።
እሱ ባዶው ነው።»
ሻጩ እንኳን ስቆበታል፦ ይህን ሁሉ መስታወት ገዝቶ
ባዶ የሚያኖር ማነው?

«መብራት የጠፋ ለት፣ ፓምፑም ሲሞት፣
ከላይ ያለው ውሃ ይወርዳል በድንገት፤
ማረፊያ ካጣ ያንቺ አልጋ ነው ማረፊያው።
ጉድጓድም እንዲሁ ነው፤ ከሁሉ ሥር ያለው
ባዶ ነው ሰው የሚያተርፈው።»
ከመመለሻው ቧንቧም ምስር የምታህል
ቀዳዳ በሳ፤ አየር እንድትስብ፣ ውሃው እንዳይከተል።

ቅዳሜ ጠራኝ።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲባል ነው ያደግሁት፤
እዚህ ይፈስሳል፣ ይታፈሳል፣ ሽቅብ ይወጣል፤ ቆሜ አየሁት።
በታችኛው መስታወት በጠመኔ አስምሮ
«እዚህ ይቆማል» አለ፣ ጣት በጣት ቆጥሮ።
«ጣሪያው ያንቺ ነው። ሶኬቱን ንቀይው፣ አንቺው።»

ነቀልሁት።

ዝም።
ውሃው ወረደ፣ ወረደ፤ የታችኛው ሞላ፤
ስፖንጁን ዋጠው፣ ድንጋዩን፣ ቀጥሎም ሌላ፤
ጠመኔውን ነካ።
አለፈው።
ቭላስታ ፎጣ ይዛ ብቅ አለች፤ ማንም አልተናገረ።
በሁለት ጣት አለፈው። ሊገነፍል ሦስት ጣት ሲቀር
ከላይ ያቺ ምስር ፉት አለች አየር።
ቆመ።

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ዓይኑን ከፓምፑ ላይ አልነቀለም፤
ቀኝ እጁ የሌለ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ግድግዳው ላይ።
«እዚያ ታች» አለ፣ «ፓምፕ ዝም ሲል ሰው አይቆምም።
መልሺው።»
መለስሁት። አጉረመረመ። ዓሦቹ ከጥግ ወጡ፤
አንዱ ጠጠር ጎርሶ አጣጥሞ ተፋ።
ራዶቫን ተንበርክኮ፣ መስመሩን ባውራ ጣቱ አብሶ
ሌላ አሰመረ፣ በሁለት ጣት ከፍ አድርጎ።

ማታ ከላይ ይሰማኛል፣ እንደ ሩቅ ትራም ዓይነት።
ኮርኒሱን አየሁት። ደረቅ ነው።
ደግሜ አየሁት።